የፈርዖኑ ዋና አማካሪ

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሙዚየም።

የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ገና ማጉረምረሙን አላቆመም። ወረቀቱም ትኩስ ስለሆነ እጅ ያሞቃል። ገጹ ላይ ያየችው ነገር ግን ልቧን ድንግጥ አደረገው። ጺሙ እምብርቱ ድረስ የወረደ አንድ ሽማግሌ፣ አበባ አበባ ያለበት የዋና ቁምጣ ታጥቆ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ የተነፋ ጎማ በብብቱ ይዞ ወንዝ ዳር ቆሟል። አጠገቡ የግብፅ ፈርዖን፣ ዘውዱን እንደደፋ፣ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ውኃ ውስጥ ነክሮ ዐይኑን ጭምቅ አድርጎ ጨፍኗል።

«እንዴት ነው? አሪፍ አይደል?» አለ ጠመኔ። ጥርሱ ሁሉ ይታያል። «ለዚህ እኮ ነው እስካሁን አላሳይም ያልኩሽ።»

ሙዚየም እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው ያወጡላት፤ ስለ ጥንት ነገሥታትና ስለ ጥንት አማልክት ማውራት ከጀመረች ደወል ካልተደወለ በቀር የሚያቆማት ስለሌለ ነው። ጠመኔም እንደዚሁ። መምህር ከመግባቱ በፊት ሰሌዳውን በሥዕል ሞልቶ ጠመኔውን ስለሚጨርሰው ስሙ ጠመኔ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ተባብረው ለንባብ ቀን መጽሐፍ ሠርተዋል። እሷ ጻፈች፣ እሱ ሣለ። በነገው ቀን ትልልቆቹ ተማሪዎች የየራሳቸውን መጽሐፍ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ያነባሉ። ልጆቹ «ይደገም!» ያሉት መጽሐፍ ጠንካራ ሽፋን ተሠርቶለት ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ለሁልጊዜ። ሙዚየም ከዚህ የበለጠ የምትፈልገው ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

«ጽሑፉን አንብብልኝ» አለችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ወንዙ አልሞላ ባለ ጊዜ ፈርዖኑ ተጨነቀ። ወዲያውኑም ዋና አማካሪውን አስጠራ» ብሎ አነበበ ጠመኔ። «ዋና» የምትለውን ቃል፣ ከትምህርት ቤት ፎርፎ ወደ መዋኛ እንደሚሄድ ልጅ፣ አላልቶ ነው ያነበባት።

ሙዚየም አፏን ያዘች።

«አይላላም! ይጠብቃል! ዋንና! የአማካሪዎች ሁሉ አለቃ! የንጉሡ ዋንና አማካሪ!»

ጠመኔ ሥዕሉን አየ። ጽሑፉን አየ። እንደገና ሥዕሉን አየ።

«ኧረ ባክሽ!» አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሊይዘው ሞከረ፣ አልያዝ አለው። ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቷም ከማሽኑ በላይ አንገቷን አስግጋ ገጹን አየችና አፏን በሻርፏ ሸፈነች። «እኔ እኮ…» አለ ጠመኔ ዐይኑን እየጠረገ፤ «ወንዝ አለ፣ ንጉሡ ተጨንቋል፣ ዋና ስለማይችል ነው አልኩ! የዋና አሰልጣኝ ይባል የለ? በዚያ ዘመን አማካሪ ይሉት ይሆናል ብዬ ነው። የጥንት ነገር መቼም ካንቺ በቀር ማን ያውቃል!»

ሙዚየም ገጹን ገለበጠች። አማካሪው ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ፣ በዚያው ቁምጣ። የበግ ራስ ካለው የወንዝ አምላክ ፊት ሲንበረከክ፣ በዚያው ቁምጣ። አምላኩ ራሱ ጎማውን በምኞት ዐይን ያያል። ኮፒዎቹ በሙሉ ወጥተው ተጣጥፈዋል፤ በስቴፕለር ተመትተው አልቀዋል።

«አበላሸኸው!» አለች። «ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ ስንቱን አገናዝቤ የጻፍኩት ነው! ነገ ሁሉም ሰው ይስቅብኛል። ግን ጥፋቱ ላንተ የሰጠሁት የኔ ነው። አንተ መጽሐፍ የምታውቀው ለመቀመጫ ነው!»

ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሻርፏን ከአፏ አወረደች። የጠመኔ ጥርስ ቀስ እያለ ተከደነ።

«እሺ» አለ። «አማካሪው ያለባቸውን ገጾች ሌላ ሥዬ ነገ ጠዋት አመጣለሁ።»

ወጥቶ ሄደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሩ ላይ ዞር ብሎ አንድ ቀልድ ሳይወረውር አይሄድም ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ የስፌት መኪናው ላይ ናት። የሳሎናቸው ግማሽ የእናቷ ሱቅ ነው፤ መስኮቱ ላይ «ልብስ ሰፊ» የሚል ጽሑፍ አለ። በሩ አጠገብ ጎረቤታቸው ባለ ታክሲው ወገቡን አስለክቶ መጨረሱ ነው። ሰውየው በየጥቂት ወሩ ሱሪውን ሊያሰፋ ይመጣል፤ ሲወጣም ሁልጊዜ ያችኑ ቀልድ ይቀልዳል።

«እንግዲህ ሰፊ ለሰፊ ተገናኘን!» አለ፤ የመጀመሪያዋን አላልቶ ወደ እናቷ እየጠቆመ፣ ሁለተኛዋን አጥብቆ ሆዱን መታ መታ እያደረገ። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሰው ሳቀች። ሙዚየም አልሳቀችም። ላልቶና ጠብቆ የሚባል ነገር ለዛሬ በቅቷታል።

ከሄደ በኋላ ነገሩን ለእናቷ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። እናቷ ኮፒውን ተቀብላ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች፣ መልሳ አወረደች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እማዬ!»

«አልሳቅሁም፣ አልሳቅሁም። ግን ቁምጣው በደንብ ተሰፍቷል። ወገቡ ላይ ያለውን ክር እይው፣ ቋጠሮው ሳይቀር አለ። ልጁ ዐይን አለው።»

«ታሪኩን እኮ ቀለደበት።»

«ልጁስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። እሺ ብሎ ሄደ።»

«እሺ ብቻ?»

«እሺ ብቻ።»

እናቷ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። «ያ ልጅ? እዚህ ቤት መጥቶ ውኃ እንኳ ስሰጠው ሦስት ቀልድ ሳይጨምር አይቀበለኝም። ምን ብለሽው ነው እሺ ብቻ ያለው?»

ሙዚየም ያለችውን ቃል በልቧ ደገመችው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ከነበረው ይልቅ አሁን ከፍቶ ታያት። አፈረች። ግን ንዴቷም ገና አልወጣላትም። እራቷን ሳትነካው አነሳችው።

ከሶፋው ኋላ ደግሞ እንደ ዶሮ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ይሰማል። ትንሹ ወንድሟ ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ሳይቀር ይጠይቅ ነበር ስለሚባል ቤት ውስጥ ስሙ «ለምን» ነው። አንዱን ኮፒ ይዞ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ እግሩን እያወራጨ ይስቃል።

«ለምንዬ፣ መልሰው!»

«ለምን?»

«ስሕተት ስለሆነ!»

«ለምን ስሕተት ይሆናል? ንጉሡ ውኃ ፈርቷል፤ ይሄ ሰውዬ ያስተምረዋል። ገብቶኛል እኮ!» ኮፒውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሸሸ። ሙዚየም ልትቀማው ብድግ አለችና ተወችው። ማንበብ የሚያታክተው ልጅ ነው። እናታቸው ከሰፈሩ ሁሉ መጽሐፍ ለምና አምጥታለት አንዱንም አልጨረሰም።

ጠዋት ጠመኔ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። አዲሶቹን ገጾች በመጽሐፎቹ ቁጥር ልክ ኮፒ አስደርጎ፣ ጠርዛቸውን በመቀስ አስተካክሎ፣ ሙጫም ጨምሮ ይዟል።

«እንዳልሽው ነው» አለ።

ሙዚየም አየቻቸው። አማካሪው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የወረደ ነጭ ቀሚስ ለብሷል። እጁ ላይ የተጠቀለለ ጽሑፍ አለ። አምዱ፣ ጀልባው፣ የወንዙን ከፍታ የሚለኩበት ደረጃ ሳይቀር ልክ መጽሐፍ ላይ እንዳየቻቸው ናቸው። እንከን የሚወጣለት ነገር የለውም። ሰዎቹ ሁሉ ግን የመታወቂያ ፎቶ የሚነሱ ይመስላሉ።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች።

«እሺ።»

እንደገና እሺ ብቻ። ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ፣ ሙጫ እየቀቡ አዲሶቹን ገጾች በአሮጌዎቹ ላይ ለጠፉ። ቁምጣውም ፊሽካውም ጎማውም ተሸፈነ። ሙዚየም የመጨረሻውን ስትለጥፍ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣም።

የአንደኛ ክፍል ልጆች እየተጋፉ ገብተው ምንጣፉ ላይ ዘርፈጥ ዘርፈጥ አሉ። ጋሽ ዝምታም በሩ ላይ ቆሙ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው፤ ተማሪው ስማቸውን በዚህ የቀየረው ከአፋቸው «ዝም!» ከምትለው ቃል ሌላ ስለማይወጣ ነው። ከሙዚየምና ከጠመኔ በፊት ያነበቡት ሁለት ተማሪዎች ስለ ንጽሕናና ስለ መንገድ አቋራረጥ ጽፈው ነበር፤ «ይደገም» ያለ አልነበረም። ጠመኔ ከኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

ሙዚየም ማንበብ ጀመረች። በጥንት ግብፅ ሕዝቡ ሁሉ የሚኖረው በወንዙ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ካልፈሰሰ እህል የለም። ጥርት አድርጋ፣ እያንዳንዱን ቃል ለክታ አነበበች። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ የጫማዋን ክር ፈትታ ማሰር ጀመረች። አንዱ የጎረቤቱን ጆሮ ጎተተ። ከመሃል አንዱ አዛጋና ማዛጋቱ ከልጅ ወደ ልጅ ተሻገረ። ሙዚየም እያየች ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ማዛጋቱ ሲጨምር የራሷም አፍ ሊከፈት ቃጣው።

«ወንዙ አልሞላ ባለ ጊዜ ፈርዖኑ ተጨነቀ» አለችና ገጹን ገልጣ ወደ ልጆቹ አዞረችው። ነጩ ቀሚስ። ጥቅሉ ጽሑፍ።

«ቁምጣውስ?» የሚል ድምፅ ከመሃል ተነሳ።

ወንድሟ ለምን ነው። ተነስቶ ቆሟል።

«ቁጭ በል» አለች በሹክሹክታ።

«ቁምጣ የለበሰው ሰውዬ የት ሄደ? ፊሽካ ያለው! ለምን ቀየርሽው?»

«የምን ቁምጣ?» አለች የጫማ ክር የምታስረዋ ልጅ። «የምን ፊሽካ?» አለ ጆሮ ጎታቹ። ያዛጉት ሁሉ አፋቸውን ዘጉ። በአንድ ጊዜ ያ ሁሉ ዐይን ወደ ሙዚየም ዞረ።

ሙዚየም ወደ መስኮቱ አየች። ጠመኔ አንገቱን ደፍቶ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ ይቧጥጣል። እንዲያ አንገቱን ደፍቶ አይታው አታውቅም። አንጀቷን በላት። መጽሐፉን አየች፤ የተለጠፈው ገጽ በአንድ ማዕዘን በኩል ትንሽ ተነስቷል፣ ሙጫው ገና አልደረቀም። የፈለገችው ታሪክ፣ ስንት ቀን የደከመችበት፣ በነጭ ቀሚስ ቆሞላታል። ከሥሩ ደግሞ ሌላው አለ።

ጥፍሯን ከማዕዘኑ ሥር አስገባችና ላጠችው።

ሽርርር የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ጠመኔ ቀና አለ።

«ወዲያውኑም» ብላ አነበበች ሙዚየም፤ ትንፋሽዋን ሳበች፤ «ዋና አማካሪውን አስጠራ!» አላልታ ነው ያነበበችው፤ ማንም እንዳይሳሳት አድርጋ።

ልጆቹ ሥዕሉን አዩ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ የጫማ ክሯ ልጅ በጀርባዋ ተንጋለለች፣ ጆሮ ጎታቹ የጎረቤቱን ጆሮ ይዞ እዚያው ላይ ሳቀ።

«ለምን ንጉሥ ሆኖ ዋና አይችልም?» አለ ለምን።

ይህ ካነበበቻቸው መጻሕፍት በአንዱም የለም። ሙዚየም መልሱ ያለው ሌላ ሰው ዘንድ መሆኑን ግን ታውቃለች።

«ጠመኔ!» ብላ ጮኸች። «ንጉሡ ለምን ዋና አይችልም?»

ጠመኔ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ የወረቀት ቅርጫቱን ከጥግ አነሳና ራሱ ላይ ደፋው፤ ዘውድ መሆኑ ነው። ደረቱን ነፍቶ በልጆቹ መሃል እየተንጎራደደ መጣ።

«እኔ? ፈርዖኑ? ውኃ ውስጥ ልግባ? ውኃው ራሱ ይምጣ እንጂ! ደግሞ… ደግሞ ይቀዘቅዛል!» የእግሩን ጣት ምንጣፉ ላይ አስነክቶ «ውይ!» ብሎ ዘለለ። ሙዚየም ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አፏጨች፤ አማካሪው ፊሽካውን መንፋቱ ነው። ማፏጨት እንደምትችል ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። አማካሪው ንጉሡን ጎማ አጥልቆለት ወንዙን የሚለኩበት ደረጃ ድረስ ጎተተው፤ ልጆቹም ደረጃውን እየቆጠሩ ለኩ። ወንዙ ለምን እንደማይሞላ ሙዚየም ከጥንቱ ተረት ሳትቀንስ ነገረቻቸው፤ የበግ ራስ ያለው አምላክ ወንዙን በጫማው ሥር ረግጦ ይዞታል። ጥንት ሰዎቹ እንዲያ ይሉ ነበር።

«ታዲያ ጫማውን ያንሳዋ!» አለች የጫማ ክሯ ልጅ።

«ንገሩት!» አለ ጠመኔ ከቅርጫቱ ሥር።

«ጫማህን አንሳ! ጫማህን አንሳ!» አለ ቤቱ በሙሉ፤ የቀሩት ደግሞ «ባ!» ይላሉ እንደ በግ።

በዚህ መሃል ጋሽ ዝምታ ወደ ፊት ሲራመዱ ታዩ። «ዝም!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ትንሹ ለምን ጣቱን ወደ ትልቁ ጥቁር ጫማቸው ቀሰረ።

«አምላኩ እሳቸው ናቸው!» አለ። ቀጥሎም እናቱ ያስተማረችው ሥነ ሥርዓት ትዝ ቢለው ጊዜ ድምፁን አለዘበ። «ጋሼ፣ እባክዎ ጫማዎን ያንሱ።»

ጋሽ ዝምታ ወደ ጫማቸው ተመለከቱ። ወደ ልጆቹ ተመለከቱ። ቅርጫት ወደ ደፋው ንጉሥ ተመለከቱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ መደርደሪያውን በአንድ እጃቸው ተደግፈው፣ ቀኝ እግራቸውን አነሱ።

ወንዙ ሞላ። ምንጣፉ ላይ የነበረው ልጅ ሁሉ «ሹሹሹ» እያለ ተንከባለለ፤ ፈርዖኑም በጎርፉ ተወስዶ ወደቀ፣ በጀርባውም ዋኘ። ጋሽ ዝምታ በአንድ እግራቸው እንደቆሙ ትከሻቸው ይናጥ ነበር። ሳቅ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደ፤ ማንም አይቶት አያውቅማ።

«ይደገም!» አለ ለምን። ሌላው ሁሉ ተቀበለው።

ልጆቹ ወጥተው ምንጣፉ ሲነሳ ጋሽ ዝምታ አንዱን መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው ወደ ሙዚየም መጡ።

«ሽፋን አሠራለታለሁ» አሉ። «ግን የት ላስቀምጠው? ታሪክ ነው እንዳልል ንጉሡ ጎማ አጥልቋል። ቀልድ ነው እንዳልል ልጆቹ ወንዝ መለካት ተምረው ሄዱ። ካንደኛው ጋር መሆን አለበት።»

የታሪክ መጻሕፍቱ የተደረደሩት ከላይ ነው፣ መሰላል በሚያስፈልገው ቦታ። ሙዚየም ስሟ የተጻፈበት መጽሐፍ እዚያ ላይ ተቀምጦ በሐሳቧ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። አሁንም ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የታችኛውን መደርደሪያ በእጇ ጠረገች።

«እዚህ ጋሼ። የልጆቹ እጅ የሚደርስበት ቦታ።»

ውጭ ጠመኔ ፀጉሩ ላይ የቀረውን የወረቀት ብጣሽ እየለቀመ ነው።

«ትናንት ያልኩህ ነገር…» አለች።

«ምን አልሽኝ?»

«ታውቀዋለህ። ይቅርታ አድርግልኝ። የማይባል ነገር ነው።»

«ረስቼዋለሁ።»

«አልረሳኸውም።»

«አልረሳሁትም» አለ። «መቀመጫ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ሲለኝ ነው የዋለው።» ራሱ ቀድሞ ሳቀ። ሙዚየም ያ «እሺ ብቻ» መሄዱን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ዐይኗ እንባ ሞላ፣ እየሳቀች ጠረገችው።

ማታ እናቷ የባለ ታክሲውን ሱሪ እያሰፋች ሳለ ሙዚየም አጠገቧ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ጠመኔ ቀጣዩን መጽሐፍ መቼ እንደሚጀምሩ ጠይቋል። መስኮቱ ላይ ወዳለው ጽሑፍ አየት እያደረገች አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈችለት።

«በጥንት ዘመን አንድ ሰፊ ንጉሥ ነበረ።»

ከልማድ የተነሳ ቀጥላ «ሰፊ የሚለው ይጠብቃል» ብላ ጨመረች። አነበበችው። ትንሽ አሰበችና ያችን ጭማሪ ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ አጠፋቻት፤ የቀረውን ላከችው።

መልሱ ወዲያው መጣ። «መርፌ ላስይዘው ወይስ ቦርጭ ላውጣለት?»

ሙዚየም ሳቋ እናቷን እንዳያስደነግጥ አፏን ያዘች።

«የጥንት ነገር» ብላ ጻፈች፤ «መቼም ካንተ በቀር ማን ያውቃል!»